ማርጌት፣ የሰጋቱራ ቄሳሮች ከተማ

በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳር ከተማ ሁሉ የሚታወቅበት ነገር አለው፤ አንዱ በዓሣው፣ አንዱ በከረሜላው፣ አንዱ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ በገባ የመዝናኛ ድልድዩ። ኬንት ውስጥ ያለችው ማርጌት ደግሞ በጠብም ትታወቃለች። በ1964 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጰራቅሊጦስ በዓል ሰሞን ሞድና ሮከር የሚባሉ ጎረምሶች አሸዋዋ ላይ ተደባድበው የአገሩን ጋዜጦች የፊት ገጽ ያዙ። ያንን ጊዜ ያዩ ሰዎች ዛሬም ከተማዋ ውስጥ አሉ። እነሱን ማነጋገር እፈልግ ነበር።

ጉዞውን ያፋጠነው ግን የአክስቴ ባል ቬስፓ ነው። እኔ ጋሼ የምላቸው እኚህ ሰው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ቬስፓ ይነዱ ነበር። መሥሪያ ቤት የሚገቡት በእሷ፣ አክስቴን ለመጠየቅ የሚሄዱት በእሷ ነበር፤ ስለዚያች ቬስፓ ያላወሩበት የገና ምሳ ትዝ አይለኝም። በግንቦት መጨረሻ ባለው የዕረፍት ሰኞ ከለንደንና ከአካባቢው የሚነሡ ሞተረኞች ማርጌት ላይ እንደሚገናኙ ነገርኳቸው። "ቬስፓም ይመጣል?" አሉኝ። ይመጣል ስላቸው ክራባታቸውን ማሰር ጀመሩ።

ከሴንት ፓንክራስ የሚነሣው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በመንገድ ላይ የሞዶችንና የሮከሮችን ነገር ለጋሼ አጫወትኳቸው። ሮከሮቹ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የሚለብሱ፣ ፀጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ የሚያስተኙ፣ ትሪያምፍ፣ ኖርተንና ቢኤስኤ የሚባሉትን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች የሚወዱ፣ ሮክ ኤንድ ሮል የሚያደምጡ ልጆች ነበሩ። ሞዶቹም ቢሆኑ በአብዛኛው ከዚያው ከሠራተኛው ሰፈር የወጡ ናቸው፤ ልዩነቱ አለባበሳቸው ነው። ጠባብ ሱሪ፣ በጣልያን ፋሽን የተሰፋ ሙሉ ልብስ፣ የተስተካከለ ፀጉር፣ ከሥር የጣልያን ቬስፓ ወይም ላምብሬታ። ደመወዛቸው ልብስ ሰፊ ቤት ያልቃል። ያ ልብስ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ከላዩ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ትርፍ የሆነ ሰፊ ካፖርት ይደርቡበታል። ሮከሩ ሞዱን ሴታሴት ይለዋል፤ ሞዱ ሮከሩን ግማታም ይለዋል። ጠቡ በመሠረቱ ይኸው ነበር።

"በጰራቅሊጦስ?" አሉ ጋሼ፤ እሳቸውን የከነከናቸው ቀኑ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንኳ በፋሲካ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ፣ ኤሴክስ ውስጥ ባለችው በክላክተን። ፋሲካው ለብዙ ዓመታት ያልታየ ብርድ የወረደበት ነበር። ዝናብ፣ የተዘጉ መደብሮች፣ መሄጃ ያጣ ጎረምሳ። ግፊያ ተጀመረ፤ መስኮት ተሰበረ፤ አሸዋው ዳር ያሉ የእንጨት ጎጆዎች ተጎዱ፤ 97 ሰዎች መታሰራቸው ተዘገበ። በማግስቱ ጋዜጦቹ የጦር ሜዳ ወሬ የሚመስል ርዕስ ይዘው ወጡ። ስለዚህ ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ሁሉም ተሰናድቶ ነበር፤ ፖሊሱ፣ ዘጋቢው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ጎረምሳውም ራሱ።

"እንግዲህ ደጋሹ ጋዜጣ ነበር በለኛ" አሉ ጋሼ።

ከማርጌት ጣቢያ እንደወጡ ባሕሩ ይታያል። ከጣቢያው አጠገብ አርሊንግተን ሐውስ የሚባል ባለ 18 ፎቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ተገትሯል፤ የተሠራው ልክ በጠቡ ዘመን ነው። በከተማዋ ሰው ሁለት ወገን የሚያስቆም ሕንፃ ነው፤ እኔ አስቀያሚ ነው አልኩ፣ ጋሼ ወደዱት። ከሱ ወዲያ ሰፊው አሸዋ ተዘርግቷል፤ ከአሸዋው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌቶቹ ተደርድረዋል። የነዳጅ፣ የተጠበሰ ድንችና የባሕር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል።

ጋሼ ትላልቆቹን ሞተሮች ቀና ብለው አላዩም። ቀጥ ብለው የሄዱት ፊቷ ላይ ከሃያ የሚበልጥ መስታወት ወደተገጠመላት አንዲት ቬስፓ ነው። መስታወቱን አልወደዱትም፤ "ይኼ ሁሉ ምን ሊያይ ነው?" ብለው አለፉት። ጎንበስ አሉና በስተቀኝ ያለውን ክብ ሽፋን በጣታቸው አንኳኩ።

"ሞተሩ እዚህ ውስጥ ነው። ተሸፍኗል፤ ዘይት አይረጭብህም። ይኼ የፊቱ ቆርቆሮ ደግሞ ጭቃውን ይመልስልሃል። ሱሪህን ተኩሰህ ከቤትህ ትወጣለህ፣ ተተኩሶ እንዳለ ቢሮ ትገባለህ።"

የሞዶቹን ምርጫ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ስለ ወጣቶች ዓመፅ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሱሪ ግን በቂ አልተጻፈም።

ባለቤቱ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነበር፤ የጋሼን ሁኔታ አይቶ እንዲቀመጡባት ጋበዛቸው። ያኔ ያየሁት ደስ ይላል። ጋሼ ገና ከመቀመጣቸው ግራ እጃቸው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እጀታውን ጠመዘዘ፤ የቬስፓ ማርሽ በግራ እጅ ነውና። ቀኝ እግራቸው ወለሉ ላይ ያለውን ፍሬን ፈልጎ አገኘ። ዓይናቸው ባሕሩን ነበር የሚያየው። ሰውየው ሳቀና "አልረሱትም" አላቸው። እሱ ራሱ በ1964 የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ጠቡን ያየው አባቱ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ጋዜጣ ነው፤ ካፖርቱን የገዛው ደግሞ ካገባ በኋላ ነው። ከተሰበሰቡት ስኩተረኞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ከነሱ የሚያንሱ፣ ያኔ ያልተወለዱም አሉ። የሚያስታውሱት ሌላ ሰው የኖረውን ዘመን ነው፤ እንደ ወግ ዕቃ አሳምረው ይይዙታል።

የኖሩበትን ለማግኘት ከሞተሮቹ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። የሰዓት ማማው አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሴትዮ ያኔ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ከባሕሩ ገባ ብሎ ባለ መንገድ ላይ ፔንሲዮን ያስተዳድሩ ነበር። በዚያ ሰሞን ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑም መስኮቱ ላይ "አልጋ የለም" የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ማታ የመጨረሻው ባቡር ከሄደ በኋላ በር ተንኳኳ። ሁለት ልጆች ናቸው፤ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። እናትየዋ ጫማቸውን አስወልቀው ወጥ ቤት አስገቧቸው፤ ሻይ ፈላላቸው።

"አንደኛው አልቀመጥም አለ" አሉን ሴትዮዋ። "መጀመሪያ መሐረቡን አውጥቶ ወንበሩ ላይ አነጠፈ። ሱሪው እንዳይጨማደድ መሰለኝ። እናቴ በጣም ተናደደች፤ ወንበሯ ንጹሕ ነበር።"

ልጆቹ ኩባያቸውን አጥበው ሲነጋ ሄዱ። እናትየዋ ግን በማግስቱ ለጎረቤት ያወሩት ሌላ ነው፤ የምድጃ መቆስቆሻ ብረት ይዘው እንዳባረሯቸው ተናገሩ። እስኪሞቱ ድረስ ያንኑ ሲያወሩ ኖሩ። ልጃቸው አንድም ቀን አላጋለጧቸውም። "ሁሉም ሰው ያባረረበት ታሪክ ነበረው" አሉ፤ "እናቴ ሻይ አጠጣሁ ብትል ምን ይሏት ነበር?"

ከዚያ በኋላ በሰማኋቸው ወሬዎች ሁሉ ውስጥ ያን የምድጃ መቆስቆሻ መፈለግ ያዝኩ፤ አላጣሁትም። ምሳ የበላንበት ቤት ውስጥ አንድ ቀይ ፊት ያላቸው ሰው ፖሊሶች ሮከሮቹን አንድ ሰገነት ላይ አጣብቀው እንደያዟቸውና ልጆቹ ከሰው ቁመት በላይ ከሆነ ከፍታ እየዘለሉ ወደ ታች እንደወረዱ በእጃቸው እያሳዩ ተረኩልን። "እዚህ ቆሜ፣ በዓይኔ!" አሉ። ዝላዩ እውነት ነው፤ ፎቶግራፉም የታወቀ ነው። የሆነው ግን ብራይተን ላይ፣ ከዓሣ ማሳያው ቤት ሰገነት ነው፤ ከማርጌት ብዙ ርቆ። ሰውየው የሚዋሹ አይመስለኝም። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድን ፎቶግራፍ ደጋግሞ ያየ ሰው ውሎ አድሮ ፎቶግራፉ ውስጥ ቢገባ አይገርምም። ጋሼ በትሕትና ዓሣቸውን እየበሉ አዳመጧቸውና "እግሩ የተሰበረ ነበር?" ብለው ጠየቁ። እንዴ፣ ብዙ ሰው እንጂ!

በመዝገብ ያለው የማርጌት ታሪክ ይህን ይመስላል። እስከ 400 የሚደርሱ ወጣቶች በባሕሩ ዳር ከፖሊስ ጋር ሲሯሯጡ ዋሉ፤ ጠርሙስ ተወረወረ፤ የሸራ ወንበሮች በአየር ላይ በረሩ፤ የመጠጥ ቤትና የቤቶች መስኮት ተሰበረ። ሁለት ልጆች በጩቤ ቆስለው ሆስፒታል ገቡ፤ 51 ሰዎች ታሰሩ። ይህ ቀላል ነገር ነው አልልም፤ ጩቤ ጩቤ ነው። ሰኞ ዕለት የከተማዋ ዳኞች ሰብሳቢ ዶክተር ጆርጅ ሲምፕሰን ችሎት ተቀመጡ። ወጣቶቹን ፀጉራቸውን ያስረዘሙ፣ አእምሯቸው ያልተረጋጋ ተራ ዱርዬዎች፣ እንደ አይጥ በመንጋ ካልሆነ ድፍረት የማያገኙ የሰጋቱራ ቄሳሮች አሏቸው። ለ36 ሰዎች በድምሩ 1,900 ፓውንድ ቅጣት ጣሉ፤ እስር ቤት የላኳቸውም ነበሩ። ንግግሩ በአንድ ሌሊት በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ።

ሰጋቱራ ቄሳር የሚለው ስድብ አዲስ አልነበረም። በ1930ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ለሙሶሊኒ ያወጣው ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። አባታቸው በአምስቱ ዓመት የዘመቱ ናቸው። "ወንበር ለወረወረ ልጅ የሙሶሊኒን ስም?" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ግን ቬስፓውም ልብሱም የጣልያን ነው" ብለው ፈገግ አሉ።

የድሮው የከተማ አዳራሽ፣ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የነበረው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ የእስረኛ ክፍሎቹም አሉ። ወደዚያ ስናመራ መንገድ ላይ ያነጋገርናቸው ሁሉ የነገሩን አንድ ታሪክ የቼኩ ታሪክ ነው። አንዱ እንደሚለው ልጁ መቶ ፓውንድ ተቀጥቶ የቼክ ደብተሩን ከቆዳ ጃኬቱ ኪስ መዥረጥ አድርጎ አወጣ። ሌላው እንደሚለው ጽፎ ፈርሞ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። የአግዳሚዋ ሴትዮ ልጁ የሀብታም ነጋዴ ልጅ እንደነበረ ሰምተዋል። የሆነው ከዚህ ያንሳል፤ ይበልጥ ደስ የሚለውም እሱ ነው። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ 75 ፓውንድ ተቀጣ፤ ያኔ የአንድ ጎልማሳ ሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ። "በቼክ እከፍላለሁ" አለ። ጋዜጦቹ ነጠቁት፤ ዘመኑ ያጠገባቸው፣ ገንዘብ የተረፋቸው ልጆች ማለት እነዚህ ናቸው ተባለ። ልጁ የባንክ ሂሳብ አልነበረውም። ቼክ ጽፎም አያውቅም። ዳኛው ፊት አንድ ነገር ብሎ መውጣት ፈልጎ ያላት ቃል ናት። ቃሏ ግን ለዓመታት ስለ ወጣቱ ብልጽግና ማስረጃ ሆና ስትጠቀስ ኖረች።

የቼኩን ነገር ተከታትለው እውነቱን ካወጡት አንዱ ስታንሊ ኮኸን ነው። ጆሃንስበርግ ተወልዶ ለንደን ውስጥ ለዶክትሬቱ ያጠና የነበረ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተማሪ ነበር። ሌላው ወንበር ሲወረወር ሲያይ እሱ የሚያየውን ሕዝብ ያይ ነበር። በ1972 የታተመው ጥናቱ ያሳየው ነገር የማርጌትን ሽማግሌዎች ዛሬም ያስከፋል፤ ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሞተርም ስኩተርም አልነበራቸውም። በባቡርና በአውቶቡስ፣ አለዚያም መንገድ ላይ መኪና እየለመኑ ነው የመጡት። አብዛኞቹ ምንም አላደረጉም፤ የሆነ ነገር ይሆናል ብለው ቆመው ሲጠብቁ ዋሉ። የክላክተን የንብረት ጉዳት 513 ፓውንድ ተገመተ። በጠቡ ሰበብ ፓርላማው በዚያው በ1964 በንብረት ጉዳት ላይ የሚጣለውን ቅጣት የሚያከብድ ሕግ አወጣ፤ ወጣቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ለመጨፈር ይውጡት የነበረውን አነቃቂ ክኒን ያለ ፈቃድ መያዝም ወንጀል ሆነ። የግዳጅ ውትድርና ቀርቶ የመጨረሻዎቹ ምልምሎች የገቡት በ1960 ነበር፤ ይመለስ የሚል ጩኸትም ተነሣ።

የሞተር ወሮበሎች የሚባሉት በባቡር መምጣታቸውን ሳስብ እኛም የመጣንበትን መስመር አሰብኩ። ፊልም ሠሪ ቢሆን ይህን አይቀርጸውም።

ከሰዓት በኋላ ድሪምላንድ የሚባለውን የመዝናኛ ሥፍራ በአጥሩ በኩል አየነው። በ1920 የተሠራው የእንጨት ባቡር ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይነዳ የነበረው ፍሬን የሚይዝ ሰው መሐል ላይ ቆሞ ነው። ጋሼ "እኔ ቬስፓ ይበቃኛል" አሉ። በ2011 ወደተከፈተው የተርነር የሥዕል ማዕከልም ጎራ ብለን ወጣን። ማዕከሉ ከተከፈተ ወዲህ ከለንደን እየመጡ ቤት የሚገዙ ሰዎች በዝተዋል፤ የአግዳሚዋ ሴትዮ ስለ እነሱ ሲናገሩ ድምፃቸው ከሞዶቹ ይልቅ መረረ። "የለንደን ሰው ድሮ መስኮታችንን ይሰብር ነበር" አሉ፤ "አሁን ከነመስኮቱ ይገዛዋል።"

ወደ ጣቢያው ከመመለሳችን በፊት ሻይ የጠጣንበት ቤት በረንዳ ላይ አንድ እውነተኛ ሮከር አገኘን። የቆዳ ጃኬቱ ጀርባ ተሰነጣጥቋል፤ ትሪያምፉ ከፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። በ1964 የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚሁ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ኬክ ትቆርሳለች። ገና ማውራት ከመጀመሩ በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚበርሩ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ልጆች በእግረኛው መንገድ ላይ አለፉ፤ ሁለት ሴቶች ጋሪ እየገፉ ዘለሉላቸው።

"አየሃቸው?" አለኝ። "በመንጋ ነው የሚሄዱት። አንዱን ለብቻው ብታገኘው አይናገርህም። ወደ ጦር ሠራዊት ነበር መላክ።"

ጋሼ በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታ አደረጉኝ። ሚስትየዋ ከኬኩ ቀና ሳትል "ዳኛው ስላንተ ያለውን ነው የምትደግመው" አለችው። እሱ ግን የኛ ጊዜ የተለየ ነበር ብሎ ቀጠለ፤ ክብር ነበረን፣ ሽማግሌ አንነካም ነበር፣ በሰልፍ ስንገባ የሞተሩ ድምፅ ከከተማው ዳር ይሰማ ነበር።

"በየትኛው ሞተር?" አለች ሚስቱ። "የመጀመሪያውን ሞተር የገዛኸው ከተዋወቅን በኋላ በ1966 ነው። ያኔ የመጣኸው ከወንድምህ ጋር በባቡር ነው፤ ቲኬቱንም እናትህ ናት የገዛችላችሁ።"

ሰውየው ሻዩን አማሰለ። ጋሼ አዘኑለት መሰለኝ፤ እንግሊዝኛቸውን አለዝበው "ለመሆኑ ያን ዕለት እርስዎ የሰበሩት ነገር አለ?" አሉት።

"አንድ የሸራ ወንበር" አለ።

"ወርውረው?"

"ተቀምጬበት። ሸራው በስብሶ ነበር።"

"ኪራዩንስ ከፈሉ?"

"አልከፈልኩም" አለ ቀና ብሎ፤ ሚስቱም ይህቺኛዋን አላስተባበለችም።